ጫፉ ወደ ዳገት ይታጠፍ

መጋቢት 12

ለሚጡ፣ ለአጎቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ከእጄ ወጥቶ እጅሽ እስኪገባ ባሕሩንም ሰማዩንም ክፉ ሳያገኘው ይሻገር። አንቺንም ባለሽበት ጤና አይለይሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያወራል።

ፊደሉ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትሳቂ። በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ የልጅ ልጅ አዝለው ከሚመጡ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል ቆጠርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ፣ ያንቺንም የምታነብልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። እኔ ሦስት ቃል ስናገር እሷ ግማሽ ገጽ ትሞላለች። ያንቺ ሁለት ገጽ ሲመጣ ደግሞ በሦስት ቃል አንብባ ትጨርሰዋለች። "ሌላስ ምን አለች?" ስላት፣ "ሌላውማ ሰላምታ ነው" ትለኛለች። ሰላምታው ለማን እንደሆነ ግን አትነግረኝም። አንቺና እሷ አንድ ዴስክ ላይ እንደተማራችሁ አውቃለሁ። እናንተ ዴስኩ ላይ ስትሳሳቁ እኔ አልጋ ላይ የቀረችውን አያታችንን አገላብጥ ነበር።

ወደ ቤትሽ ጉዳይ ልምጣ። ከጓሮዬ በላይ ያለውን ዳገት ፎርማኑ መጥቶ በገመድ ለክቶታል። ቀይ ኮፍያ የማይለየው፣ ለሁሉም ነገር "ችግር የለም" የሚል ሰው ነው። በሚቀጥለው ወር መቆፈሪያ ማሽን አመጣለሁ ብሏል። የቦታው ጠባቂ እኔ ነኝ ብዬ ነግሬዋለሁ። አንቺም እንደዚያ ብለሽ ንገሪው፤ ሰው ከላይ ካልተነገረው አይሰማም።

መነጽር ላኪልኝ። ፊደሉን አወቅኩት እንጂ አይታየኝም። ስልኩን ተይው፤ ጆሮዬ ግማሹን ይበላዋል።

በጀርባዋ ያዘለችሽ


ሚያዝያ 4

ለተከበሩ እትዬ፣

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ጉልበትዎንም ይማርልኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእኛ ፊደል አንዲቱን እንኳን ለማይለዩ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ "ይህ የእህቴ እጅ ጽሑፍ ነው" እያልኩ አሳየሁ። ኮራሁብዎ። አንድ ነገር ብናገር ግን አይቆጡኝ፤ የድሮ ደብዳቤዎችዎ በጣም ያስቁኝ ነበር። የጣሪያውን ቀዳዳና የድመቷን ታሪክ እስካሁን እያስታወስኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ይኸኛው ቆጣ ያለ ነው። ፊደሉ ሲለመድዎ ሳቁም ይመለሳል።

ሥራዬን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም "ግንባታ ላይ ነኝ" ከማለት በቀር አስረድቼዎት አላውቅም። እኔ ግንብ አልገነባም። ቤት ሲሠራ አፈሩ ይገለጣል። ዝናብ ሲጥል ያ አፈር ጭቃ ሆኖ ወደ ጎረቤት፣ ወደ መንገድ፣ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የእኔ ሥራ አፈሩ ከግቢው እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ዝናብ ባባራ ቁጥር ቦት ጫማዬን አጥልቄ ዙሪያውን እዞራለሁ። ከታች ካለው ቦይ በብርጭቆ ውኃ ቀድቼ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ። ደፍርሶ ካገኘሁት ማሽኖቹን ሁሉ አስቆማለሁ። ያኔ መቶ ሃያ ሰው ሥራ ፈትቶ እኔን ያየኛል።

ስለዚህ ስለ ዳገቱ እሰጋለሁ። ፎርማኑን በስልክ ነግሬዋለሁ፤ "ችግር የለም" አለኝ። እርስዎ ይቆጣጠሩልኝ። ዳገቱን በአንድ ጊዜ እንዳይገልጠው። መጀመሪያ የላዩን፣ መሠረቱ የሚያርፍበትን ብቻ ይቁረጥ። ከታች፣ ከእርስዎ ጓሮ በላይ፣ አሥር እርምጃ የሚሆን ሣር ሳይነካ ይቅር። ከሣር የሚበልጥ አጥር የለም፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ውኃውን ያዘገያል።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ልብስ ሰፊዋ እንዴት ናት? ዓይኗን ያማት ነበር። ሳሙልኝ።

ሚጡ


ሚያዝያ 27

ለሚጡ፣ ለውጭ አገሯ ጭቃ ሹም፣

ሹመት ያዳብር! የተሾምሽበት ጭቃ አይድረቅብሽ።

መነጽሩ ደረሰ። አሁን ሁሉም ነገር ይታየኛል፤ ባላየው የሚሻለኝም ጭምር።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ሣሩ የለም። ማሽኑ በአንድ ቀን ተኩል ዳገቱን ከራሱ እስከ እግሩ ልጦ ጨረሰው። አሁን እንደተላጨ ራስ ቀልቶ ተቀምጧል። ተቆፍሮ የወጣውን አፈር ደግሞ ከጓሮዬ በላይ ቆለሉት። ፎርማኑን ጠራሁት።

"ሣሩን ማን ንካ አለህ?"

"እማማ፣ ቤት የሚሠራው አፈር ላይ ነው እንጂ ሣር ላይ ነው እንዴ?"

"ባለቤቷ አሥር እርምጃ ተው ብላሃለች!"

"ብላኛለች። እኔም ችግር የለም ብያታለሁ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ችግር አለ እንዴ? ይኸው ደረቅ ነው!" አለና አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ እጄ ላይ ዘገነልኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ።

አንቺ ስትቆሚ መቶ ሃያ ሰው ይቆማል። እኔ ስጮህ አንድ ፎርማን አንገቱን አያዞርም። አርባ ዓመት ሙሉ ከደጄ ላይ ጭቃ ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ ማንም መጥቶ "ይህ ሙያ ነው" አላለኝም። ለካ ሙያ የሚሆነው ብርጭቆ ይዘው ሲያዩት ነው።

ሌላም አለ። የድሮ ደብዳቤዎችዎ ያስቁኝ ነበር ብለሻል። የጣሪያውንም የድመቷንም ነገር ለልብስ ሰፊዋ እኔ አልነገርኳትም። ሚጡ፣ እኔ ድመት ኖሮኝ አያውቅም። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የምትቀልደው ሴት እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሳቅሽው ከእሷ ጋር ነው፤ እኔ ስሜን ብቻ አዋስኳችሁ።

ለመሆኑ "እርስዎ" ያልሽኝ ከመቼ ወዲህ ነው? ድሮ "አንቺ" ነበርኩ። እሷን ግን አሁንም "አንቺ" ነው የምትያት። ለእሷ ለብቻዋ የጻፍሽውን ደብዳቤ ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አይቼዋለሁ። መነጽሩ በጣም ጥሩ ነው አልኩሽ።

ዓይኗ ደህና ነው። ምኗም አልጎደለ።

እትዬሽ


ግንቦት 15

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስዎ።

"እርስዎ" የምልዎት ስለማከብርዎ ነው። ድመቷ ስለሌለች ግን ከልቤ አዘንኩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለምጃት ነበር።

አሁን ቀልድ የለም። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ዳገቱም ራቁቱን ነው። ከዚህ ወደዚያ በሚመጣ ሰው አንድ ጥቅል ጨርቅ ልኬያለሁ። ጥቁር ነው፤ ውኃ ያሳልፋል፣ አፈር አያሳልፍም። ካስማውን እዚያው ይቁረጡ። ፎርማኑ በስልክ የነገርኩትን ሁሉ "እሺ" ብሎ ይረሳል፤ የእጅ ጽሑፌንም ማንበብ ያታክተዋል። ስለዚህ እርስዎ ቆመው፣ ሠራተኞቹ ባሉበት፣ የሚከተለውን ቃል በቃል ያንብቡለት። ጠባቂዋ እርስዎ እንደሆኑ ነግሬዋለሁ።

"ጨርቁ ከአፈሩ ቁልል በታች፣ ከፍታው እኩል በሆነ መስመር ዳገቱን አቋርጦ ይዘርጋ። ካስማዎቹ በሁለት እርምጃ ልዩነት ይተከሉ፤ ጨርቁ በዳገቱ በኩል ይሁን፣ ካስማው በታች በኩል። የጨርቁ እግር አንድ ስንዝር ተቀብሮ አፈሩ በደንብ ይረገጥ፤ ያለዚያ ውኃው ከሥር ሾልኮ ያልፋል። ሁለቱም ጫፎች እንደ ማጭድ ወደ ዳገት ይታጠፉ፤ በተለይ በልብስ ሰፊዋ በኩል ያለው ጫፍ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ላይ ይውጣ። የእሷ ክፍል ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ውኃው ጫፉን ዞሮ ካመለጠ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ደጇን እንደ እኔ ደጅ ጠብቁልኝ፤ በዚህ ዓለም የሆዴን የምነግራት እሷ ናት። የአፈሩ ቁልል በሸራ ይሸፈን። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ የታቆረው ጭቃ በአካፋ ይነሣ።"

አደራ።

ሚጡ


ሰኔ 6

ለሚጡ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለዚያ ሁሉ ሰውሽ። ዝናቡ ገና በሩቅ ነው የሚያጉረመርመው።

ጨርቁ ደርሷል። ያልሽውን አድርጌያለሁ። ሠራተኞቹ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፎርማኑ ኮፍያውን አወለቀ። መነጽሬን አድርጌ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ሰው ዝም ብሎ ሲሰማኝ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉሮሮዬን ስጠርግ እንኳን ጠበቁኝ። አንዷ አሸዋ የምትሸከም ሴት፣ "እማማ፣ መምህር ነበሩ እንዴ?" አለችኝ። አልነበርኩም አላልኳትም።

እግሩ አንድ ስንዝር ተቀብሯል። አፈሩን ራሴ ረግጬዋለሁ። ቁልሉም ሸራ ለብሷል። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ብታይው ትኮሪብኛለሽ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጣች። "እስቲ ወረቀቱን ልየው። ስለ እኔ የሚል አለው?" አለችኝ።

"ስለ ጨርቅ ነው" አልኳት።

"ጨርቅማ የእኔ ነገር ነው!" ብላ ሳቀች። ወረቀቱን አጥፌ ብብቴ ስር ከተትኩት።

እንዳንቺ ያለ ቦት ጫማ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ዝናብ ሲያባራ ዙሪያውን የምዞረው እኔ ነኝና።

ጠባቂሽ


ሰኔ 30

ለተከበሩ እትዬ፣

እጅዎ ይባረክ። ያነበቡበትን ቀን ሳስበው እዚህ ሆኜ ፈገግ አልኩ።

ግን "እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል" ሲሉ ልቤ ደንገጥ አለ። ጫፎቹስ? ታጥፈዋል? ውኃ ግድግዳ ሲገጥመው ግድግዳውን ተከትሎ መውጫ ይፈልጋል። ጫፉ ካልታጠፈ አጥሩ ጭቃውን አያቆመውም፤ እየመራ ይወስደዋል። በሁለት መስመር ይመልሱልኝ። ቦት ጫማውን የእግርዎን ልክ ሲጽፉልኝ እልካለሁ።

ሚጡ


ሐምሌ 20

እትዬ፣

መልስዎ አልመጣም። የልብስ ሰፊዋ መጣ።

ጭቃው በሯን ሰብሮ እንደገባ ጽፋልኛለች። የስፌት መኪናዋ እስከ መርገጫው ተቀብሯል። ቆርጣ ያስቀመጠችው የሰው ልብስ ሁሉ ተበላሽቷል። እንዲህ ጽፋ እንኳን መጨረሻ ላይ ቀልዳለች፤ "ዘንድሮ ሁሉንም ደንበኞቼን ቡናማ አለብሳለሁ" ብላ። አነበብኩትና አለቀስኩ።

ፎርማኑን ጠየቅኩት። "ጫፉን እጠፍ የሚል ነገር ትዝ አይለኝም፤ ረስቼው ይሆናል" አለኝ። ቃል በቃል ተነቦለት ረሳ! የቀጠረውን ተቋራጭ እንዲያሰናብተው ጠይቄያለሁ። በነሐሴ መጨረሻ ይሄዳል።

እርስዎ ግን ምነው ዝም አሉ? ያመምዎት ይሆን?

ሚጡ


ነሐሴ 7

ለሚጡ፣

ሰላምታ ለማስቀደም አፌ አልደፈረም። እንዲያው ግን ጤና ሁኚ።

አላመመኝም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ፎርማኑ አልረሳም። አላነበብኩለትም።

"አፈሩ በደንብ ይረገጥ" የሚለውን አንብቤ ወደሚቀጥለው ስሄድ "ልብስ ሰፊዋ" የሚለው ከሩቅ ታየኝ። ቀድሜ አውቀው ነበር፤ ደብዳቤው የመጣ ቀን ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ። "የሆዴን የምነግራት እሷ ናት።" ይህን እኔ፣ በእኔ አፍ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማኝ በዚያች ቀን? ጉሮሮዬን ጠረግኩ አላልኩሽም? ያኔ ነው። ከ"ይረገጥ" ወደ "የአፈሩ ቁልል" ተሻገርኩ። ማንም አላወቀም። ስንት ዓመት ሲዘለልብኝ የኖርኩ ሰው መዝለል እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመኝ።

ጫፉ ሳይታጠፍ ቢቀር ምን እንደሚመጣ አላወቅኩም ብልሽ ደስ ባለኝ። ጽፈሽልኝ ነበር እኮ፤ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው ብለሽ። አውቄያለሁ። "ይጥለቅለቃት" አላልኩም። "ትንሽ ትርጠብ" ነው ያልኩት በሆዴ። ጭቃ ትንሽ እንደማያውቅ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዝናቡ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ቁልሉ ሸራውን ገልብጦ ተናደ። ጨርቁ ያዘው፤ አይወድቅም፣ ጎበዝ ነው። ከዚያ ጭቃው ጨርቁን ይዞ ወደ ጎን ሄደ፤ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ሳይቸኩል። ጫፉ ጋ ሲደርስ ዞረና ወደ እሷ በር ወረደ። የእኔ ጓሮ አንዲት ጠብታ አልገባበትም። መጥረጊያዬን ይዤ ደረቅ ደጅ ላይ ቆሜ አየሁ። እሷ የሰው ቀሚስ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ስትወጣ፣ "እትዬ፣ አንቺ ደህና ነሽ?" ብላ ጮኸችልኝ። እሷም "አንቺ" ነው የምትለኝ።

ፎርማኑ ይኸውልሽ ኮፍያውን ይዞ በየቀኑ እየመጣ ከልብስ ሰፊዋ ግቢ ጭቃ ያነሣል። ሥራውን በእኔ ምክንያት እንዳያጣ። ጠባቂነቱንም ውሰጂው፤ ለማን እንደምትሰጪው አውቃለሁ።

ምንም አትላኪልኝ።


ነሐሴ 26

እትዬ፣

ልክሽን ገምቼ ቦት ጫማ ልኬልሻለሁ። ጭቃውን የምታወጪበት ነው።

ፎርማኑ ይቆያል። ለተቋራጩ ደውያለሁ። ያችን ገጽ ይዘሽ ትወጫለሽ። እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሠራተኞች ፊት፣ እሱ ባለበት፣ ልብስ ሰፊዋም ባለችበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ። አንዲት ቃል ሳታስቀሪ። ከዚያ ጫፉ ይታጠፋል። ይህን አድርጌያለሁ ብለሽ ሳትጽፊልኝ ሌላ ነገር አትጻፊልኝ።

አንድ ነገር ልበልሽና ይብቃኝ። አያታችን ስትሞት እጇ በአንቺ እጅ ውስጥ ነበር። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። እኔ በምን እንደምቀና አንድ ቀን እንኳን ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ሚጡ


መስከረም 14

ለሚጡ፣

ደህና ሁኚልኝ፤ ጭቃም ክፉ ነገርም ከደጅሽ ይራቅ።

መጀመሪያ የምትፈልጊውን። ጫፎቹ ታጥፈዋል። በልብስ ሰፊዋ በኩል ያለውን አራት እርምጃ አድርገነዋል፤ አንዱን እኔ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዘንቧል። ውኃው ከጨርቁ ኋላ ቆሞ ይውላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሾልኮ ይወጣል። በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ብርሃን አነሣሁት። እንዳንቺ አገር አይሆንም፤ ግን ጣቴ ከወዲያ በኩል ታየኝ። የስፌት መኪናዋን ፎርማኑ ፈታትቶ በጋዝ አጥቦላታል፤ ይሠራል፣ ብቻ ይጮሃል። የተበላሸውን ልብስ አሥራ ሁለት ቀን በቦት ጫማሽ ቆሜ አጠብኩ። ሦስቱ አልዳኑም።

አሁን የንባቡ ነገር።

እንደዚያን ቀኑ ቆሙ፣ ዶማቸውን ተደግፈው። ልብስ ሰፊዋ ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "ባለፈው ሳነብ የዘለልኩት አለ። ፎርማኑ አልረሳም፣ እኔ ነኝ" አልኩ። አሸዋ የምትሸከመዋ ሴት መሬት መሬት አየች።

ፎርማኑ፣ "እማማ፣ እኔ እኮ እውነት ረስቼው መስሎኝ ራሴን ስረግም ከረምኩ። ለሚስቴ ሳይቀር 'ጭንቅላቴ አልቋል' አልኳት" አለ።

"አላለቀም" አልኩት።

"ችግር የለም" አለ። በዚያ ቃል ላይ እንደዚያን ቀን እምባዬ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ አነበብኩ። ጨርቁን፣ ካስማውን፣ እግሩን። "ይረገጥ" ጋ ስደርስ እንደዚያን ቀኑ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጠበቁኝ። "በተለይ በልብስ ሰፊዋ በኩል ያለው ጫፍ" አልኩና ቀጠልኩ። "ደጇን እንደ እኔ ደጅ ጠብቁልኝ፤ በዚህ ዓለም የሆዴን የምነግራት እሷ ናት።" ጨረስኩት። ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ አየኋት። ይቅር እንድትለኝ አልነበረም፤ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እኔን አላየችም። ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ፣ ጭቃ የነካው እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለብቻዋ ደስ ብሏት ተቀምጣለች። አልዋሽሽም፣ ሚጡ፤ እዚያም ቆሜ ቀናሁ።

ወረቀቱን ሳጥፍ ዞር አለችና፣ "አትጠፊው። ያችን መስመር ድገሚልኝ" አለች።

ሠራተኞቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። መነጽሬን ጠረግኩ።

ደገምኩላት።